የመምህር ኤልዳን ሙግት

በራሞዝ መንግሥት ፀሐይ በቀትር ጠቆረች። በዚያችው ሰዓት ጽልማን የተባለው ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ ከቤተ መቅደሱ የማይጠፋውን እሳት ከነማንደጃው ነጥቆ ወደ ሐዘል ተራራ በረረ። ከዚያ ወዲህ እህል አልበቀለም፤ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ዓይኑን ሳይገልጥ ቀረ።

የንጉሡ ልጅ ሐመልማል ሰይፏን ታጥቃ በአደባባይ ማለች። «እሳቱን ሳልመልስ የአባቴን ደጅ ብረግጥ ምድር ትክዳኝ!»

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንዱ በሐሰት መማል የማይከብደው ቀስተኛው ዱርባ ነው። ሌላው ፊደል ያስቆጠሯት፣ አገር ሁሉ «ጻድቁ» የሚላቸው መምህር ኤልዳን ናቸው። ሕዝቡ እሳቸውን አይቶ ተጽናና። አምላክ በቅዱስ መጽሐፉ «በመንገዴ የሚሄደውን በመዳፌ እሰውረዋለሁ፤ እሾህም አይወጋውም» ይላልና።

መከራው ግን እሳቸውን መርጦ የመጣ ይመስል ነበር። በጥቁሩ ረግረግ የአሞራ መንጋ ወርዶ አንድ ዓይናቸውን አወጣ። በድንጋያማው በረሃ ትኩሳት ጣላቸው። ዱርባ ጭረት እንኳ ሳያገኘው እየዘፈነ ተጓዘ።

ሐመልማል ቁስላቸውን ስታጥብ ተቆጣች። «የኔታ፣ መዳፉ ወዴት አለ? ያ ቀጣፊ ይዘፍናል፤ እርስዎ ይደማሉ!»

«ልጄ፣ ያው መጽሐፍ አንድ ጻድቅ ሰው አመድ ላይ ወድቆ እንዳለቀሰም ይናገራል። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱን ላስታርቅ ሞከርኩ፤ አቃተኝ። አንዱን ገጽ ቀድጄ መጣል ግን አልቻልኩም።»

«ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?»

«ሕፃናቱ ዓይናቸውን አልገለጡማ።»

በሐዘል ተራራ ላይ ካለው ዋሻ ደጅ ሲደርሱ ዱርባ የዘንዶውን እስትንፋስ ሰምቶ ሸሸ። ማንም አላሳደደውም፤ በሰላም አገሩ ገባ።

ሁለቱ ወደ ውስጥ ዘለቁ። ሐመልማል ሁለቱን ራሶች ቀላች፤ በሦስተኛው ላይ ሰይፏ ተሰበረ። ዘንዶው ሊውጣት አፉን ሲከፍት መምህር ኤልዳን ከፊቷ ገብተው ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ጉሮሮው ውስጥ ሰደዱ።

«እሳቱን ይዘሽ ውጪ!» ብለው ጮኹ።

ወጣች። ዘንዶው ሲንፈራገጥ ዋሻው በእሱና በመምህሩ ላይ ተናደ።

እሳቱ በቤተ መቅደሱ ዳግም ሲነድ ሕፃናቱ ዓይናቸውን ገለጡ፤ እልልታው አገሩን አናወጠው። ሐመልማል ግን ከግርግሩ ሾልካ ወደ መምህሯ ቤት ሄደች፤ በባለቤታቸው በእመት ሶሪት እግር ላይ ወደቀች።

አሮጊቷ ከወደቀችበት አነሷት። «አልሰወራቸውም ማለት ነው» አሉ።

«አልሰወራቸውም፣ እሜቴ።»

«ብቻቸውን ሞቱ?»

«እንጃ። ስወጣ ድምፃቸውን ሰማሁ። ከአንድ ሰው ጋር ይነጋገሩ ነበር። ዞሬ ባይ ማንም የለም።»

«ምን ይላሉ?»

«ይሟገቱ ነበር።»

«ከእሱ ከአምላካቸው ጋር ነዋ! እዚህም ሌሊቱን ሙሉ ሲሟገቱት ነበር የሚያነጉት» አሉ እመት ሶሪት፤ ነጠላቸውንም ፊታቸው ላይ ስበው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።