በሩ ከውስጥ አይከፈትም

አስተያየት መስጫው ላይ «ፈጠራ ነው» ብላችሁ ልትጽፉ ጣታችሁን ያነሳችሁ... አውርዱት። እኔ ልብ ወለድ ለመጻፍ ጊዜውም ትዕግስቱም የለኝም። ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር መጫን ነው። የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነው።

በእኛ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ በሰኔ ወር። ቦታው ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ የሚባል ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ያለ አንድ አሮጌ ቤት።

ጅቡቲ የኖረ ያውቀዋል። በዚያ ሰዓት ጫት ከድሬ ዳዋ ይገባል፣ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ሰው ወይ ይቅማል ወይ ይተኛል። እስከ አስር ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ ድመት እንኳን አታገኙም።

እኔ ግን ሥራዬን ልጨርስ ብዬ ቀረሁ። የሞኝነቴ መጀመሪያ ይሄ ነው።

ቤቱ አሁን ቢሮ ሆኗል። ባለቤቱ ሙሰዲቅ የሚባል የሐረር ሰው ነው፣ ከወደብ ዕቃ ያስተላልፋል። የወንድሙ ልጆች ዕቃ መከታተያ ሶፍትዌር ሠርተውለታል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ በየቀኑ ይበላሻል። ስለዚህ ችግር መመዝገቢያ ሲስተም እንድጭንላቸው ጠሩኝ።

ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ ነገር አልሠራ ሲል ሠራተኛው በብራውዘር ገብቶ ችግሩን ይመዘግባል። ያ ቲኬት ይባላል። ቁጥር ይሰጠዋል፣ ለአንድ ሰው ይመደባል፣ ሰውየው ያስተካክልና ይዘጋዋል። ችግሩን ሞክሮ ካላገኘው ደግሞ «ሊደገም አልቻለም» ብሎ ይዘጋዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ? ሳንሞክርም እንዘጋዋለን። ስንሰለች የምንጫናት ቁልፍ ናት።

«ሱሪያ፣ ሦስቱም ኮምፒውተር ላይ ጫኚልን» አለኝ ሙሰዲቅ ጠዋት። «ዊንዶውሱም ላይ፣ የኔ ማክም ላይ፣ ከኋላ ያለው ሊኑክስም ላይ። የተሻለውን እንይዛለን።»

«ሦስቱንም በአንድ ቀን?»

«አንቺ ካልቻልሽ ማን ይችላል?»

በሙገሳ አስገባኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ኢንተርኔታቸው ተቋርጦ ስለነበር ፋይሎቹን በስልኬ አወረድኩ። እንግዳ መቀበያው ጋ ያለው ዊንዶውስ አላስቸገረኝም። ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ... አለቀ። ፎቅ ላይ ያለው የሙሰዲቅ ማክ ግን ቅንጡ ነው፣ ለእያንዳንዷ ነገር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፓስወርድ ይጠይቃል። እየተነጫነጭኩ እሱንም ጨረስኩ።

ሊኑክሱ ያለው ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የስልክ ኔትወርክ አይገባም። ስልኬን እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ሰክቼ፣ ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ።

በሩ የብረት ነው። እጀታው በውጭ በኩል ብቻ ነው።

ዘበኛው አዴር አብዱላሂ ወንበር አምጥቶ በሩ እንዳይዘጋ ደገፈው። ሶማሌ ሽማግሌ ነው፣ እኛ ጋ ድሬ ዳዋ ኖሮ አማርኛ ይችላል። እኔ አዴር እለዋለሁ፣ አጎቴ ማለት ነው። እሱም አባዮ ይለኛል፣ እህቴ ለማለት።

«ወንበሯን እንዳታነሺ አባዮ። ከውስጥ አይከፈትም።»

«ምን ዓይነት አሠራር ነው?»

«ድሮ እዚህ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ይቺ የሠራተኛዋ ክፍል ናት። ሐበሻ ሠራተኛ ነበረቻቸው።» ወንበሯን በእግሩ ወደ በሩ አስጠጋ። «ቀን ሲተኙ... ይቆልፉባት ነበር።»

«ምን አጥፍታ ነው የምትቆለፈው?»

«እኔ ያኔ አልነበርኩም» አለና ዓይኑን ከኔ አነሳ። «የግቢውን በር ቆልፌ ልሂድ። አስር ሰዓት እመጣለሁ። ብቻሽን ትችያለሽ?»

«ብቻዬን ስሆን ነው ሥራ የሚወጣልኝ።»

ሄደ። የግቢው በር ሲቆለፍ ሰማሁት።

ሊኑክስ ላይ ሁሉም በእጅ ነው። ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ስህተት ይመጣል፣ ታስተካክላላችሁ። ኤሲው ይጮሃል፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ሥራው እየሄደልኝ ነው። ልክ ሰባት ተኩል ላይ ዳታቤዙ መሥራት ጀመረ። ብራውዘር ከፈትኩ።

አዲስ የተጫነ ሲስተም ባዶ ነው። ቲኬት ዜሮ ማለት አለበት።

አንድ ይላል።

ከፈትኩት።

«በሩ ከውስጥ አይከፈትም። እባካችሁ።»

መዝጋቢ... ውዳድ።

የተመደበለት ሰው... የለም።

የሙሰዲቅ የወንድም ልጆች ናቸው አልኩ። ተንኮለኞች ናቸው፣ በሌላ ቀን ኪቦርዴን ገልብጠውብኛል።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ማሽን አማርኛ ፊደል አልተጫነበትም። አማርኛ ከተጻፈበት ማሳየት ያለበት ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። ይሄ ግን ቁልጭ ያለ ፊደል ነው...

ደክሞኛል፣ ርቦኛል። ወደ በሩ ዞርኩ። ወንበሩ አለ፣ በሩ ክፍት ነው።

ሳቅኩና በእንግሊዝኛ «ሊደገም አልቻለም» የምትለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ዘጋሁት።

ከኋላዬ ቀጭ አለ።

ዞርኩ። በሩ ተዘግቷል።

ወንበሩ... አጠገቤ ነው። ልክ ሰው ሊቀመጥበት እንደሳበው ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዙሮ ቆሟል።

ክው አልኩ። ስክሪኑን ሳይ ቲኬቱ እንደገና ተከፍቷል። ከስር አንድ አስተያየት ተጨምሯል።

«አሁን ሞክሪው።»

ሮጬ በሩን ገፋሁ። በትከሻዬ መታሁት፣ በእግሬ መታሁት። ሂና የተቀባ ጥፍሬን በስንጥቁ አስገብቼ ሳብኩ። ወይ ፍንክች።

«አዴር! አዴር አብዱላሂ!»

ማን ይስማኝ? እሱ ጫቱን ይዞ ከሦስት መንገድ ማዶ ነው።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። እዚያ... እንግዳ መቀበያው ጋ። የእናቴ ጥሪ ነው፣ ለሷ የለየሁትን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንዴ ጠራ። ሁለቴ... ሦስቴ...

ተነሳ።

ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጠፍኩ።

«አቤት እማ...» አለች አንዲት ሴት። «ደህና ነኝ... አዎ... ልወጣ ነው።»

ድምፁ የኔ ነበር።

በሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ልጮህ አፌን ስከፍት መብራቱ ጠፋ። ኤሲው አቃሰተና ቆመ።

የቀረው የስክሪኑ ብርሃን ብቻ ነው። ማሽኑ በዩፒኤስ ባትሪ ነው የቆየው። ጢጥ... ጢጥ... እያለ ይቆጥራል። ያንን ሞዴል አውቀዋለሁ፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው የሚይዘው።

ደጅ አርባ ሦስት ዲግሪ ነው። መስኮት የለም። ሙቀቱ ግድግዳውን አልፎ ሲገባ ይታወቀኝ ጀመር። እስከ አስር ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አለ።

በዚህች ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል አልቆይም። ሬሳዬን ነው የሚያገኙት።

ወደ ኪቦርዱ ሄድኩ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ጻፍኩ።

«ማነሽ?»

መልሱ በአማርኛ ፊደል መጣ።

«ውዳድ።»

«ክፈቺልኝ።»

«እኔም እንደዚህ ነበር የምላቸው።»

«አየር እያጠረኝ ነው።»

«ገና ነው። መጀመሪያ ጆሮሽ ይጮሃል። ከዚያ ጥማቱ ይተውሻል። ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል።»

ጆሮዬ እየጮኸ ነበር።

እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ፊደል እየሳትኩ ነው የምጽፈው። አለቀስኩ። «የእናት አምላክ» አልኩ፣ «ያ ረቢ» አልኩ፣ የማውቀውን ሁሉ ጠራሁ። ከዚያ በጡጫዬ ግድግዳውን መደብደብ ጀመርኩ።

ከጠረጴዛው ስር አንድ ሰው አንሾካሾከ።

«አትደብድቢ...»

ጡጫዬን አወረድኩ።

«ይነሳሉ...» አለ ድምፁ።

«እነማን?» አልኩ፣ እኔም በሹክሹክታ።

«የተኙት።»

ከላዬ፣ ጣሪያው ላይ፣ የሽቦ አልጋ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማሁ። አንድ ከባድ ሰው የተገላበጠ ይመስላል። ፎቅ ላይ የሙሰዲቅ ቢሮ ነው ያለው። አልጋ የለም፣ ጠዋት ማኩን ስጭን እዚያው ነበርኩ።

ወደ ጠረጴዛው ስር አላየሁም። አላይም ብዬ እግሬን ወንበሩ ላይ ሰበሰብኩ።

ጢጥ... ጢጥ... ዩፒኤሱ ፈጠነ።

ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር መጣ።

«ለምን ዘጋሽብኝ? ሳትሞክሪው?»

ልክ ናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ይቺ ሴት በሩ አይከፈትም ብላ ለመነች። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በሩ ሰው ባስደገፈልኝ ወንበር ተከፍቶልኝ፣ ችግሩ የለም ብዬ ዘጋሁባት። እንደነሱ።

የቲኬቱን ሁኔታ ቀየርኩ። «ተረጋግጧል» አልኩት።

ምንም የለም። በሩ እንደተዘጋ ነው።

ከዚያ አየሁት። የተመደበለት ሰው የሚለው ቦታ አሁንም ባዶ ነው። እዚያ ስም ካልገባ ቲኬት አይንቀሳቀስም። ዝርዝሩን ስከፍተው ያለው አንድ ስም ብቻ ነው፣ ሲስተሙን ስጭን የፈጠርኩት የኔ ስም።

«ሱሪያ» ላይ ተጫንኩ።

ጽሑፉ ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል መጣ።

«በእውነት ለራስሽ ወሰድሽው?»

ጢጢጢጢጢ...

«አዎ» ብዬ ጻፍኩ። «የኔ ነው። ወስጄዋለሁ። ብቻ በሩ ይከፈት።»

በሥራዬ ቲኬት የወሰደ ሰው ችግሩ የሱ ነው። ይሄንን በየቀኑ ለሰው የማስተምር ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ማን ያስባል? በሩ ይከፈት እንጂ ምንም ብባል እፈርም ነበር።

ስክሪኑ ጠፋ።

ድቅድቅ ጨለማ። ከጎኔ አንድ ሰው ሲነሳ ቀሚሱ ክንዴን ነካኝ... አንድ ትንፋሽ በጉንጬ አለፈ...

ቀጭ።

በሩ ተከፈተ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በአራት እግሬ ድሄ ይሁን ሮጬ፣ ራሴን ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። ብርሃን። አየር። ተደግፌ ተነፈስኩ፣ ተነፈስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ከኋላዬ በሩ በራሱ ሲዘጋ ሰማሁት፣ ዞሬም አላየሁት።

«አባዮ? ጨረስሽ?»

አዴር አብዱላሂ ነው። ቁልፉን እንደያዘ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ቆሟል። ጉንጩ በጫት አብጧል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

«አስር አለፈ።»

በኔ ስሌት ከሰባት ተኩል ወዲህ የቆየሁት ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ግን ምን አገባኝ? ወጥቻለሁ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

«ፊትሽ ምን ሆነ?» አለ ጠጋ ብሎ። «ሌላ ሰው መሰልሽኝ...»

መልስ ሳልሰጠው ከበሩ ጀርባ ተንኳኳ።

ሁለታችንም ወደ በሩ ዞርን።

እንደገና ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ በጉልበት አይደለም። ከዚያ የደከመ የሴት ድምፅ መጣ።

«አዴር... አዴር አብዱላሂ... ክፈትልኝ...»

ሽማግሌው ፊቱ አመድ መሰለ። አንዴ በሩን አየ፣ አንዴ እኔን አየ።

«ማን አለ ውስጥ?» አለ በሹክሹክታ።

እውነቱን ልናገር ብዬ አይደል የጀመርኩት? ስለዚህ የመለስኩለትንም እነግራችኋለሁ። እጀታው ከኔ አንድ ክንድ ነው የሚርቀው። መክፈት እችል ነበር። ከከፈትኩት ግን ማን እንደሚወጣ፣ ማን ደግሞ ተመልሶ እንደሚገባ አላውቅም። እኔ ደግሞ ወደዚያ አልመለስም። ሞቼ እገኛለሁ።

«ማንም የለም አዴር» አልኩት። «እንሂድ።»

ማንኳኳቱ ቆመ።

ከበሩ ስር፣ ከብረቱና ከወለሉ መሃል ባለችው ስንጥቅ፣ አራት ጣቶች ቀስ ብለው ወጡ። ጫፋቸው በሂና ቀልቷል። አበባው፣ ሐረጉ፣ ትንሿ ጨረቃ... ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ሰርግ ድሬ ዳዋ ላይ እኔ የተቀባሁት ሂና ነው።

የራሴን እጆች ወደ ኮሪደሩ መስኮት ብርሃን አነሳኋቸው።

ምንም አልነበረባቸውም።