በወፍ የተያዘ ዘበኛ

«ግራ እግሩን ያነክሳል። አረንጓዴ ካፖርቱ ክንዱ ላይ በጥቁር ክር ተጠግኗል። ቁልፍ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል» አሉ ሽማግሌው ሼህ አዩብ። «ወፏ ያለችው ይህንን ነው።»

ከሴቶቹ ኋላ የተቀመጠችው ሀዲያ ክው ብላ ቀረች። ቃሉ የራሷ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደብተሯ ላይ ጽፋ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ያነበበችው ነው።

የትምህርት ቤቱ የሶላር ባትሪ ከወር በፊት ተሰርቆ መንደሩ ለአውጫጭኝ ተቀምጧል። ከመካነ ሰላም ከተማ ፖሊስ መጥቶ መዝግቦ ሄዷል፤ ሌባ ማውጣት ግን ድሮም የአገሬው ሥራ ነው። ሁሉም ተሰብስቦ የሰማውን ይናገራል። ስሙ እንዳይነሳ የፈራ ለሽማግሌ ሹክ ይላል፤ ሽማግሌውም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያወጣዋል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም።

ሀዲያ የጻፈችው ግን ስለ ስርቆት የፈጠረችው ልቦለድ ነበር። የአማርኛ መምህሯ ኃይለኢየሱስ፣ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ደንብ አለው ብለው ሰሌዳ ላይ ጽፈውላቸዋል። ፍንጭ ከአንባቢ አይደበቅ። መርማሪው ራሱ ወንጀለኛ አይሁን። ሌባው ማንም ያልጠረጠረው ሰው ይሁን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለውም ስቀዋል። እሷም ማንም የማይጠረጥረውን ስትፈልግ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጋሼ ደሳለውን አገኘች። ስማቸውን ቀየረች፤ እግራቸውን፣ ካፖርታቸውንና ቁልፋቸውን ግን ለታሪክ ይመቻል ብላ እንዳለ ወሰደች። የሰማ ሁሉ ልጅቷ ያየችውን በግልጽ መናገር ፈርታ በተረት አወጣችው ብሎ ለሽማግሌዎቹ ሹክ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሽማግሌዎቹ ለቅዳሜ ቀጠሩ። ጋሼ ደሳለው እስከዚያ ቁልፉን እንዲያስረክቡ ተደረገ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንጠለጠሉትን የቁልፍ ክር ከአንገታቸው ሲያወልቁ ቆባቸው አብሮ ወደቀ። ያነሳላቸው ሰው አልነበረም።

መምህር ኃይለኢየሱስ ሀዲያን ሲያጽናኗት፣ «አብሽሪ፣ ገና ባልተነበበው የመጨረሻ ክፍል ሌላ ሌባ አውጪ፤ ሰው ይረሳል» አሏት። ሞከረች። አንድ ነጋዴ ሌባ አደረገች፤ ሰውዬው ግን መንደሩ ውስጥ ያለ የአንዱን ልጅ አባት መሰለባት። ቀደደችው።

የጋሼ ደሳለው ልጅ ትህትና ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አብራት አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጥ ነበር። ሰኞ ደብተሯን ይዛ ወደ ኋላ ዴስክ ሄደች። ሀዲያ በእረፍት ሰዓት ተከትላት እሳቸውን ማለቷ እንዳልነበረ በአላህ ስም ማለችላት።

«ካፖርቱን የጠገንኩት እኔ ነኝ» አለች ትህትና። «አረንጓዴ ክር አጥቼ። አንቺ ያየሽው እኛ ቤት ምሳ ስትበዪ ነው።»

ሀዲያ ሴራውን እያሳመረች ስትጽፍ ያ ክር የሰው እጅ ሥራ መሆኑ አንድም ጊዜ ትዝ አላላትም ነበር። በራሷ አፈረች።

ቅዳሜ ሼህ አዩብ የቀረ ነገር ያለው ካለ ይናገር አሉ። ሀዲያ ልትነሳ ስትል እናቷ ኑርጃን ሻርፗን ይዛ አስቀረቻት። «ተይ ልጄ፣ ከዛሬ ወዲያ ማን ያምንሻል?» አለቻት በሹክሹክታ።

እናቷ እውነቷን ነው። ከተነሳች ታሪኳን የሚሰማላት አይኖርም። ካልተነሳች ግን አገሩ ሁሉ ያምናታል፤ የመረራት ይሄኛው ነው። መርማሪው ራሱ ወንጀለኛ አይሁን የሚለውን ደንብ አስታወሰች። የእናቷን ጣቶች ከሻርፗ ላይ አንድ በአንድ አላቅቃ ተነሳች።

«ሼህ አዩብ፣ ወፏ እኔ ነኝ» አለች። «ያየሁት ነገር የለም። ከራሴ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት።»

ሸንጎው ጉምጉም አለ። ፈርታ ነው የካደችው የሚልም ተሰማ። ጋሼ ደሳለው ቀና ብለው አላዩዋትም። በጥቁር ክር የተጠገነውን ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ሸፍነው ተቀምጠዋል።