ተኝቶ የተለካው ደን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ያለው የራያ ሜዳ ማሽላ አብቅሎ የሚያውቅ አይመስልም ነበር፤ የጎሊና ወንዝ አሸዋው ብቻ ቀርቶ፣ ከዞብል ተራራ የሚወርደው ንፋስ አቧራውን እያነሣ ቆቦ ከተማ ላይ ይደፋው ነበር። በዚያ ሁሉ ምድር ለምለም ሆኖ የሚታየው የባላምባራስ ካሕሳይ ገብሩ የባሕር ዛፍ ደን ብቻ ነው።

ባላምባራስ ካሕሳይ፣ አባታቸው ከደቡብ ትግራይ ለንግድ ወርደው ቆቦ የቀሩ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ግትር ሰው ነበሩ። ደኑን የተከሉት ከሰባት ዓመት በፊት፣ ልጃቸው ገነት ከንዳድ ስትድንላቸው፣ «የሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን በገዛ እንጨቴ አሠራለሁ» ብለው ተስለው ነው። ያገሬው ሰው ባሕር ዛፍ የሚተክለው አጠጋግቶ ነው፤ ዛፉ ብርሃን ፍለጋ ይሽቀዳደምና ቀጥ ያለ ቀጭን አጣና ይሆናል። ባላምባራስ ግን የፈለጉት ምሰሶና ጣውላ ነው፤ ግንዱ እንዲወፍር ዛፍ ከዛፍ መራቅ አለበት፤ ከመጠን በላይ ከራቀ ደግሞ ቅርንጫፍ ያበዛና ጣውላው ጉጥ በጉጥ ይሆናል። መጠኑን በገመድ መለካት ሲችሉ፣ «ስለቱ የኔ ነው፤ ልኩም እኔው ነኝ» ብለው መሬት ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተጋደሙ፤ በራስጌያቸው አንድ ጉድጓድ፣ በግርጌያቸው ሌላ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ የቀረውንም በዚያው ልክ በተቆረጠ ዘንግ አስለኩት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅነሽ ይህን ባዩ ጊዜ ደነገጡ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ምነው! ተጋድሞ የሚለካኮ ሬሳ ነው!»

«ሟርተኛ አትሁኚ! ዛፍ ነው የምተክለው» ብለው ሳቁባቸው።

ጎረቤትም መሬት አባከነ ብሎ አማቸው፤ ዛፉ ግን ወፈረ። በዛፎቹ መካከል ያለው መሬት በየዓመቱ ስለሚኮተኮት፣ ሜዳው ሁሉ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር የደኑ አፈር ለስላሳ እንደ ሆነ ቀረ።

በዚያ ግንቦት አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አንዲት ሴት ሬሳ በቁርበት ላይ እየጎተተች ባላምባራስ ከቆሙበት የደኑ አጥር ደረሰች።

«ባላምባራስ፣ አላህ ይዘንልዎ። ኡሙልኸይር እባላለሁ፤ ከዞብል ግርጌ ነኝ። ይሄ ባሌ በድረዲን ነው። መሬቱ እምቢ አለኝ፣ ጉልበትም የለኝ። የእርስዎ አፈር ለስላሳ ነው፤ ከሁለት ዛፍ መካከል ላሳርፈው።»

ባላምባራስ ሬሳውን አዩት፤ ዛፎቻቸውንም አዩ።

«እሜቴ፣ ይህ እንጨት የሚካኤል ነው። ሲቆፈር ሥሩ ይቆረጣል፤ ከሬሳ ላይ የበቀለ እንጨትስ እንዴት ብሎ ቤተ መቅደስ ይገባል? ከወንዙ አሸዋ ቅበሪው።»

«አሸዋውንማ ጅብ ይዝቀዋል፣ ጌታዬ።»

«እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ!» አሉና የአጥሩን በር ዘጉ።

ሲነጋ ተመለሱ። ኡሙልኸይር ከአጥሩ ውጭ በገል ስትጭር አምሽታ፣ ሕፃን እንኳ የማይቀብር ጉድጓድ አጠገብ፣ ባሏ ላይ ተደፍታ ሞታለች። አንድ እጇ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጭብጧም የደኑን ለስላሳ አፈር እንደ ያዘ ደርቋል።

ባላምባራስ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያም አሽከራቸውን ይሁኔን ጠርተው፣ ዶማውን ራሳቸው ያዙ፤ ተጋድመው በተለኩባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዛፎች መካከል መቆፈር ጀመሩ። ይሁኔ እንደ ቀባሪ ወግ በድረዲንን በዘንግ ለካና ዘንጉን ወደ ጉድጓዱ ወሰደው።

«ጌታዬ፣ እንደ ተሰፋለት ነው» አለ።

ያን ጊዜ ባላምባራስ የሚስታቸው ቃል ትዝ አላቸው። ኡሙልኸይርን በሚቀጥሉት ሁለት ዛፎች መካከል አሳረፏትና አጥሩን አፈረሱት።

ከዚያ በኋላ በረሃብ ከመንገድ ዳር የሚወድቀው ሁሉ ወደ ደኑ መጣ፤ ክርስቲያኑ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እስላሙ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ እንዲዞር ራሱ ወደ ምሥራቅ ሆኖ፣ በአንድ ረድፍ ተኙ፤ ክፍት የቀረ ቦታ አልነበረም። ባላምባራስ ማለዳ ማለዳ በረድፉ እያለፉ፣ በየሁለቱ ዛፍ መካከል ቆም ብለው «እንደምን አደራችሁ» ይሉ ነበር፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ሳይቆዩም አያልፉም። ወይዘሮ ወርቅነሽ ይህን ከሩቅ ሲሰሙ ያማትቡ ነበር።

ዝናቡ ሲመለስ ዛፎቹ ባንድ ጊዜ ተመነደጉ፤ መሬት ላራሹ በታወጀ ጊዜም ደኑ የገበሬ ማኅበሩ ሆነና ተቆረጠ። ግንዱ ያየው ሁሉ የሚያደንቀው ነበር፤ መጋዝ ሲገባው ግን፣ በችኮላ የወፈረ እንጨት ነውና፣ ጣውላው ሲደርቅ ከመሐሉ ተሰነጠቀ። ለሚካኤል የሚሆን አንድም አልተገኘም።

«ስለትዎ ቀረ እንግዲህ?» አሏቸው የደብሩ አለቃ።

«ስለቴ የቀረው ዛሬ አይደለም፣ አባቴ፤ በሩን የዘጋሁ ዕለት ነው።»

ታሪክ ያን ዘመን አልረሳውም፤ ንጉሡ ከዙፋን መውረዳቸውን ጻፈ፤ ረሃቡ በፊልም ታይቶ ዓለም ማልቀሱንም ጻፈ። በዚያ ደን የተኙትን ግን በስም የጠቀሳቸው የለም፤ የኡሙልኸይርን ስም የሚያውቁት ባላምባራስና ይሁኔ ብቻ ነበሩ።

ባላምባራስ ባረፉ ዕለት ይሁኔ ዘንግ ይዞ ሊለካቸው ቀረበ። ወይዘሮ ወርቅነሽ እጁን ያዙት።

«ተው ልጄ፤ እሳቸው አንድ ጊዜ ተለክተዋል።»

ይሁኔ ዘንጉን ይዞ ወደ ደኑ ሄደ። ጉቶዎቹ እንደ ገና አቆጥቁጠው ነበር፤ በድረዲን ከተኛበት ራስጌ ካለው ጉቶ እስከ ግርጌው ጉቶ ለክቶ፣ ዘንጉን በዚያው ልክ ቆርጦ ተመለሰ።