አርባ ሦስት ንቦች

«በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ ሦስት ንቦች» አሉ የባዮሎጂው መምህር የንብ ቆጠራውን ወረቀት ከፍ አድርገው። ክፍሉ አጨበጨበ። ከዝምታዋ ብዛት «ጭምቷ» የሚሏት ልጅ ግን እጇ አልተላወሰም። ትናንት እኩለ ቀን ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ደረቅ ሜዳ ላይ ከጓደኛዋ ከቱርቦ ጋር ቁጭ ብለው ቢጫ አበቦቹ ላይ የሚያርፉትን ንቦች ሊቆጥሩ ሲጠብቁ ያዩት አንዲት ዝንብና መንገድ የጠፋባት የምትመስል ጉንዳን ብቻ ነበር።

ሜዳው በሚቀጥለው ሳምንት ተደልድሎ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው። መምህሩ ወረቀቱን ነገ ከሰዓት ማዘጋጃ ቤት ይዘው ሊሄዱ ነው፤ አበባው ለስንት ፍጥረት መኖሪያና ቀለብ እንደሆነ ባለሥልጣናቱ ካዩ ምናልባት ይተዉት ይሆናል።

በእረፍት ሰዓት ቱርቦን ጥግ ይዛ አርባ ሦስቱን ከየት እንዳመጣችው ጠየቀቻት። ቱርቦ ስታወራ ፍሬን የላትም፤ ስሙም የወጣላት ለዚያ ነው።

«ዜሮ ብዬ ብጽፍ አበባው አለቀለት። ደሞ ማንን ጎዳሁ?»

ውሸቱ አበባውን የሚያድን፣ እውነቱ የሚያጠፋው ከሆነ ጥፋቱ የቱ ነው? ቀኑን ሙሉ ነገሩ በጭምቷ ጭንቅላት ሲዞር ዋለ።

እራት ላይ ለአባቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። አባቷ የግሬደር ሹፌር ናቸው፤ ሜዳውን የሚደለድሉትም እሳቸው። ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው መለሱ።

«በዚያ ሐሩር ማን ይወጣል ልጄ? ሁሉም ጥላው ውስጥ ነው። ማለዳ ሄደሽ እዪ።»

በማግስቱ ፀሐይ ብቅ ስትል ደብተሯን ይዛ ሜዳው ላይ ተገኘች። አንዲት ትንሽ ወፍ የደረቀ አበባ ላይ ተንጠልጥላ ፍሬውን ትለቅማለች። ከድንጋዩ ሥር አቧራ የለበሰች ኤሊ ቢጫውን የአበባ ቅጠል ቀስ ብላ ታኝካለች። ንቦቹም አንድ በአንድ መጡ። አሥራ አንድ። ሰዓቱ እስኪሞላ ጠበቀች፤ አሥራ ሁለተኛዋ አልመጣችም።

አሥራ አንድ ማዘጋጃ ቤትን ያሳምናል? አላወቀችም።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቱርቦ ደብተሩን አየችው። «በቃ፣ አበላሸሽው» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልፈጠነም። ጭምቷ ስለ ወፏና ስለ ኤሊዋ ነገረቻት። ቱርቦ መሬት መሬት እያየች ሰማቻት።

ጭምቷ እውነተኛውን ቁጥር ይዛ ብቻዋን ወደ መምህራን ክፍል አመራች። ከየት እንደምትጀምር ገና ሳታውቅ በሩን አንኳኳች።