ሄርመላና የጎደለው ምዕራፍ

መምህር ገብረሊባኖስ ከድንበር ማዶ፣ በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምራል። ሑመራ ሳለ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሯል። ዛሬም ሰባ ስድስት ልጆች በታጨቁበት የቆርቆሮ ክፍል ሸሚዙን አስተኩሶ ይገባል። ጉብዝናውን ሁሉም ይመሰክርለታል። አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበረው፤ በዓመቱ አጋማሽ የሚመጣ ተማሪ አይወድም።

«ነገ ጥሎኝ ለሚሄድ ልጅ ዛሬ ምን አደከመኝ?» ይል ነበር።

ጥር ላይ ሄርመላ መጣች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ኣስካለ የቀን ሥራ እየተከተለች የምትዞር ሴት በመሆኗ፣ ልጅቱ መጀመሪያ ወድ ኤል ሒለው፣ ቀጥሎ ሀዋታ፣ ከዚያም ገዳሪፍ ከተማ ተምራለች። የገዳሪፉ ትምህርት ቤት ለጦርነት ተፈናቃዮች ማረፊያ ሆኖ ሲዘጋ፣ ቱነይድባ አራተኛዋ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ገብረሊባኖስ ወደ ሰሌዳው ጠራትና «የሁለት መቶ፣ ሃያ በመቶ ስንት ነው?» አላት። ሄርመላ «200» ብላ ጻፈችና ጠመኔውን መልሳ አስቀመጠች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ተቀመጪ» አላት። በማግስቱም እናቷን አስጠርቶ ልጅቱ ወደ አራተኛ ክፍል እንድትወርድ መወሰኑን ነገራት።

ኣስካለ ከማሽላ አጨዳ በቀጥታ ነበር የመጣችው፤ መዳፎቿ ተላልጠዋል። «መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ግን ሰነፍ አይደለችም። ያንከራተትኳት እኔ ነኝ፤ ቅጣቱም ለእኔ ይሁን» አለችው።

«ወይዘሮ ኣስካለ፣ ቅጣት አይደለም። መሠረት የሌላትን ልጅ ምን ላድርጋት?»

እናትየዋ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ፣ በዕድሜ ከእሱ የምትበልጠው የጎረቤት ክፍል መምህርት ትዕበ ንግግሩን ሰምታ ኖሮ ገባች።

«የጎደላት የት ላይ እንደሆነ ጠይቀሃታል?»

«ሰባ ስድስት ልጅ ይዤ?»

«አንድ ከሰዓት በኋላ ስጣት። ከዚያ ብትፈልግ አውርዳት።»

ገብረሊባኖስ እያጉረመረመ እሺ አለ። ከትምህርት በኋላ ሄርመላን በግቢው የሣር ዳስ ሥር አስቀምጦ መጽሐፉን በየምዕራፉ ይጠይቃት ጀመር።

«ክፍልፋይ ተምረሻል?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እንዴት ሦስት ጊዜ?»

«ወድ ኤል ሒለው ጨርሰን መቶኛ ልንጀምር ስንል ሄድን። ሀዋታ ስንደርስ ገና ክፍልፋይ ላይ ነበሩ። እዚያም መቶኛ ሳይደርሱ ተነሣን። ገዳሪፍም እንደገና ክፍልፋይ ሆነ፤ ወዲያው ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።»

ለስምንተኛ ክፍል የሚሰጠውን ከባድ የክፍልፋይ ጥያቄ አቀረበላት። እርሳሷን ከወረቀቱ ሳታነሣ ሠርታ መለሰችለት። ገብረሊባኖስ ደነገጠ። በእነዚህ ዓመታት ሳይጠይቅ ያሳለፋቸው ልጆች ፊት አንድ በአንድ መጣበት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቶኛ ማለት ታችኛው ቁጥር መቶ የሆነ ክፍልፋይ ነው» አላት።

ሄርመላ ቀና ብላ አየችው። «ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ብቻ ነው።»

«ታዲያ የሰሌዳው መልስ አርባ ነዋ!»

በማግስቱ ገብረሊባኖስ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ «በሄርመላ ላይ ያሳቅኋችሁ እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍልፋይ የቸገረው ሁሉ እሷ ዘንድ ይሰለፍ ጀመር።

ክረምቱ ሲቃረብ ኣስካለ የእርሻ ሥራ አግኝታ እንደገና ወደ ሀዋታ ተነሣች። በዚህ ጊዜ ሄርመላ ባዶ እጇን አልሄደችም። መምህሯ የተማረችውን፣ የቀራትንና የምትችላቸውን ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ጽፎ፣ በአረብኛም አስተርጉሞ፣ ፈርሞ ሰጣት።

ከወራት በኋላ ኣስካለ ዘመድ ልትጠይቅ መጠለያው መጣች። መምህሩን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘችውና መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች፦

«መምህር! ከሃምሳ ሁለት ልጆች ሁለተኛ ወጣች! አዲሱ አስተማሪዋ ወረቀቱን አንብቦ ካቆመችበት ቀጠለላት። ልጄ፣ የእኔ የቀን ሠራተኛዋ ልጅ!»

ገብረሊባኖስ ደረቱ በኩራት ተነፋ፤ ወደ ትዕበ ክፍልም እየሮጠ ሄደ።

ወገኖቼ፣ ትምህርት ቤት የሚለዋውጥ ልጅ የሚጎድለው ምዕራፍ እንጂ አእምሮ አይደለም። ወላጅ የሆንን፣ ስንነሣ የልጃችንን ደብተርና ማስረጃ ከጓዛችን ሁሉ አስቀድመን እንያዝ። አስተማሪ የሆንንም አዲስ የመጣውን ልጅ ከመመዘናችን በፊት «የት ላይ አቆማችሁ?» ብለን እንጠይቀው።