ለሦስተኛው አልቆምኩም

እኔ ሹፌር ነኝ፣ የጅንና የቆሌ ወሬ ሲነሣ ጋቢናዬን ዘግቼ የምተኛ ሰው፣ ጓደኞቼ «አንተ ካላየህ አታምንም» ሲሉኝ «ባይም አላምንም» ነበር መልሴ፣ ስለዚህ ወዳጄ ይቺን የማወራህ ላስፈራራህ አይደለም፣ ከሆዴ አልወጣ ብላኝ ነው።

አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ነው፣ ድርቁ ወሎን ገና አልለቀቀም። ከደሴ የተነሣ የኪነት ቡድን በጭነት መኪና ይዤ በየወረዳው እዞራለሁ፣ ዘፋኙም ከበሮ መቺውም ከኋላ ሸራ ሥር፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ብቻዬን። ከኋላ መውረድ የፈለገ ሰው የጋቢናውን ጀርባ ሁለቴ ይመታል፣ እቆማለሁ፣ ሲሳፈር አንዴ ይመታል፣ እሄዳለሁ፣ የምንግባባው በዚህ ነበር። መንገደኛ መጫን ግን ክልክል ነው፣ ለአንዱ ከቆምክ መንገድ ዳር የወደቀው ሁሉ ይነሣል፣ ለማን ትደርሳለህ? እውነቱን ልንገርህ፣ ትእዛዙን ወድጄው ነበር፣ የሰው ዓይን ከማየት ያድነኝ ነበራ።

ከዘፋኞቹ አንዷ ዘይነባ፣ ከመካነ ሰላም ወዲህ ካለ መንደር የተወለደች ናት። ቤተሰቦቿን ካየች መንፈቅ አልፏታል፣ ይኑሩ ይሙቱ የሚነግራት አጥታ፣ እነሱን ፍለጋ ብላ ነው ከእኛ ጋር የወጣችው። ከወረኢሉ ስንነሣ በመስኮቴ ብቅ አለችና «ጋሼ ይመር፣ በአላህ፣ የኛን ሰው የሚመስል ካየህ ቁምልኝ» አለችኝ። «አብሽሪ» አልኳት፣ ሌላ ምን ልበል?

ረፋዱ ላይ ደጋውን ስንወጣ ጉም ወረደብን፣ እመነኝ፣ የመኪናዬን አፍንጫ እንኳ አላየውም። በአንደኛ ማርሽ እያዘገምኩ ሳለ ከጀርባዬ ኳ ኳ። ቆምኩ። የወረደ ሰው የለም። ትንሽ ቆይቶ አንዴ ኳ አለ፣ ሄድኩ። ብዙም ሳልርቅ እንደገና ኳ ኳ፣ አሁንስ ደሜ ፈላ፣ ወርጄ ሸራውን ገለጥኩና «ማነው የሚቀልድብኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ከበሮ መቺው ካሳ «ኧረ ማንም አልመታም፣ አንተ ራስህ ምን ሆነህ ነው የምትቆመው?» አለኝ። ዘይነባ ከበሮው ላይ ራሷን ጥላ ተኝታለች። እርጥብ በርኖስ ሸተተኝ፣ ከነሱ መሀል ግን በርኖስ የለበሰ አልነበረም።

ጋቢና ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አንዴ ኳ አለ፣ ሄድኩ።

ሦስተኛው ኳ ኳ ቀስ ያለ ነበር፣ ይሉኝታ እንደያዘው እንግዳ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፣ ነዳጁን ረገጥኩት።

መካነ ሰላም እንደደረስን ዘይነባ ወደ ተራቡት መጠለያ ሮጠች፣ ተከተልኳት። እናቷ እዚያ ናቸው! ትንሹን ወንድሟን አቅፈው ግድግዳ ተጠግተዋል፣ በርኖሳቸው ውሃ ያንጠባጥባል። እግራቸው ላይ ወድቃ እያለቀሰች «መቼ መጣችሁ?» አለቻቸው።

«አሁን አይደል እንዴ፣ አብረንሽ» አሏት። «እኔ ደክሜ ኋላ ቀርቼ ነበር፣ መጀመሪያ እኔን አነሣችሁኝ፣ ከዚያ ፊት ፊት ይሄድ የነበረውን ወንድምሽን። አንቺ ከበሮው ላይ ተኝተሽ ነበር፣ ደክሟታል ብዬ አልቀሰቀስኩሽም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ «አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ሁለቴ ቆምክልን። ለአባቷ ምነው ሳትቆም ቀረህ? ከሁላችን ቀድሞ ይሄድ ነበር እኮ።»

ካሳ ማንም አልተሳፈረም ብሎ ምሎ ተገዘተ። የመጠለያው ዘበኛም ሲገቡ አላየሁም አለ።

በማግስቱ ዘይነባን ይዤ ሦስተኛው ኳ ኳ ወደተሰማኝ ቦታ ተመለስኩ። አባቷ የሉም። ከብት የጠፋበት አንድ ገበሬ አግኝተን ብንጠይቀው «አንድ ሽማግሌ ትናንት እዚህ ቆመው ነበር፣ መኪና ስታልፋቸው ወደ ገደሉ ቁልቁል ወረዱ» አለን። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ስንጣራ ዋልን፣ የመለሰልን የለም።

ስንመለስ ጋቢና አጠገቤ ተቀምጣ «ጋሼ፣ ለአባቴ ጋቢናው ሲመታ ሰምተህ ነበር?» አለችኝ።

«ወላሂ አልሰማሁም» አልኳት።

አመነችኝ፣ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እስክንደርስ አለቀሰች። ይኸው ዛሬም በየበዓሉ ልጆቿን ይዛ ትጠይቀኛለች፣ «አላህ አባቴን ቢነሣኝም አንተን ሰጠኝ» እያለች፣ ልጆቿም አያታችን ነው ብለው አባባ ይሉኛል፣ እኔም አቤት እላለሁ።