ሳይበርድ የተለካ ነሐስ

ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ «ጧ» ብሎ ወደቀ። ጸደንያ ዐይኗን ጨፈነች። ትናንት ከሰዓት በጣት ካልገፋሽኝ አልገባም ብሎ ሲኩራራ የነበረ ነሐስ፣ ዛሬ ሳንቲም ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ እንደሚገባ ገባ።

ምክንያቱን ለማወቅ ዐሥረኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም፤ እሷ ግን ደርሳለች። በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቶርኖው ላይ ስትቀርጸው የዋለችውን ነሐስ ገና እንደጋለ ለካችው። ሌሊት በረደና ተኮማተረ። አያቷ አባባ ዘውዴ ሳይነግሯት ቀርተው አይደለም። «የጋለ ነገር ይዋሻል» ይሏት ነበር፤ «እንደ ሰርግ ቤት ቃል ነው፤ ሲበርድ ጠይቂው።»

አባባ ድሬዳዋ፣ ባቡር ጥገና ቤት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ልጆች ባቡር ነጂ ብለው ሾመዋቸዋል፤ እሳቸውም ሹመቱን አልመለሱም። ልጃቸው ሩት፣ የጸደንያ እናት፣ በነርስነት እዚህ ስትመደብ ትንሿን ቶርኖ በአይሱዙ አስጭነው ተከትለዋት መጡ። ዐይናቸውን ሞራ ሲጋርደው፣ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ቶርኖውን ለጸደንያ አስረከቡ። አብረው የሚሠሩት የጫማ ሳጥን የምታክል የእንፋሎት ሞተር ነው፤ መዘውሯ ሲዞር የምታፏጭ። አባባ ልጅ ሳሉ አባታቸው በእንፋሎት ባቡር ላይ ከሰል ይጨምሩ ነበር። «ሰፈራችን ሰዓት ያለው ሰው አልነበረም» ይላሉ፤ «ምሳ የሚጣደው በፉጨት ነው።» ያን ፉጨት አንዴ ደግመው መስማት ይፈልጋሉ።

አሁን ሩት ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውራለች። ብርዱ ለሽማግሌ አይሆንም ተብሎ አባባ ነገ ማለዳ ድሬዳዋ፣ አክስቷ ዘንድ ይሄዳሉ። ቶርኖውን የገዛው በያጁ ፍቅሩ ዛሬ ከሰዓት መጥቶ ይወስደዋል። የተረፈ ነሐስ ደግሞ የለም።

«ምነው? ፈተና ወደቅሽ እንዴ?» የክፍል ጓደኛዋ ያብስራ ማንጎ እየጋጠ ገባ።

«ፒስተኑ አነሰ። እንፋሎቱ በጎኑ ያመልጣል።» ከሲሊንደሩ አውጥታ ኪሷ ከተተችው።

«አባባ ያውቃሉ?»

አባባ ደጅ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያንቀላፋሉ።

«ገና።»

ያብስራ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ስልኩን አወጣ። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? እዚህ ውስጥ የሌለ ባቡር የለም። እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ መዘውሩን በገመድ አዞራለሁ፤ ስልኩ ያፏጫል። እሳቸው እንደሆነ አያዩም።»

«ማጭበርበር ነው።»

«ፋራ አትሁኚ። ሽማግሌ ደስ ብሎት ቢሄድ ማን ይጎዳል?»

የያብስራ ክፋቱ አንዳንዴ ልክ መምሰሉ ነው። ኪሷ ውስጥ ያለውን ፒስተን ስትዳብስ እሱ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

መዘውሩ መዞር ጀመረ። ስልኩ በቅድሚያ የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ለቀቀ፤ ያብስራ በብብቱ አፈነው። ከዚያ ረጅም፣ ጎርነን ያለ ፉጨት ጓሮውን ሞላው።

አባባ ቀና አሉ። ባርኔጣቸው ወደቀ፤ አላነሱትም። ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ።

«ሠራች?» ድምፃቸው ቀጥኗል። «ይኼን ጊዜ እማዬ ድስቱን ትጥዳለች። እኔ ሀዲዱ ዳር ሮጬ እቆማለሁ። አባቴ ሲወርድ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ያሳርፋል፤ ጥላሸት ነው፣ ግን ይሞቃል። እስቲ ሙቀቷን ልንካ።»

እጃቸውን ወደ ውሃ ማፍያዋ፣ ወደ ቦይለሩ ዘረጉ። ቦይለሩ ከጠዋት ጀምሮ እሳት አላየም። ያብስራ ከሥር ሆኖ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ «ያቃጥላል በያቸው» አላት። አንድ ቃል ናት። ነገ ድሬዳዋ ሲደርሱ «ሠራች፤ ሰማኋት» ብለው ያወራሉ።

እጃቸውን ያዘችና ፒስተኑን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«አልሠራችም፣ አባባ። ሳይበርድ ለካሁት። የሰሙት ስልክ ነው።»

መዘውሩ ቆመ። አባባ ነሐሱን በአውራ ጣታቸው አገላበጡት። ፊታቸው ላይ በርቶ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ሲጠፋ ጸደንያ አየች። ከስድብ የባሰ ነበር።

«ማነው ሲያዞር የነበረው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ ያብስራ ከሥር።

«ውጣ። እኔም ባቡር ነድቼ አላውቅም፤ ተካክለናል።»

ነሐሱን መለሱላት። «ጎኑ ላይ ስስ ቦይ ቁረጪለት። ዘይት የጠጣ የጥጥ ክር ከተጠመጠመበት ክፍተቱን ይሞላዋል። ቦዩ ከጠለቀ ግን ይሰበራል።»

«ከተሰበረስ?»

«ከተሰበረማ ሳልሰማ እሄዳለኋ።»

ያብስራ የጥጥ ክር ፍለጋ ወደ ቤት ሮጠ። ጸደንያ ፒስተኑን ቶርኖው ላይ አጥብቃ አሰረችው። አባባ ስለማያዩ መዳፋቸውን የቶርኖው አካል ላይ አሳረፉ፤ ንዝረቱን ሊሰሙ።

የውጭው በር ተንኳኳ። «ቤቶች፤ ፍቅሩ ነኝ። ጋሪ ይዣለሁ።»

አባባ መዳፋቸውን ከቶርኖው አላነሱም። በሩ ደግሞ ተንኳኳ። ጸደንያ ቶርኖውን አስነሳችና መቁረጫውን ቀስ አድርጋ ወደ ነሐሱ አስጠጋች።